የድንጋይ ጢም

«ጢም አብቅሏል እኮ። ማን አይቶት ነው የዘንድሮ ድንጋይ ነው የሚለው?»

ፅጌረዳ ይህን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ፣ የእሷን መኝታ ከአጎቷ ሳሎን በሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ሳል ያሳልፋል፣ የሬዲዮ ዜና ያሳልፋል፣ የአጎቷን የወልደኪዳንን ማንኮራፋት ሳይቀንስ ያሳልፋል። የአጎቷ ሚስት አስካለማርያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር መለሰች። «እሷ ምን ታውቃለች» አለ ወልደኪዳን። «ባለሆቴሉ ወሰደው ብያታለሁ። ደግሞ ብታውቅስ? የት ልትሄድ ነው?»

ብሩሹን ከአፏ ሳታወጣ ቆመች። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሐምሌ ላይ ወልደኪዳን ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ በሁለት ሰው አሸክሞ ጓሮ አመጣና «አንድ ባለሆቴል ለአትክልት ቦታው ፈልጎ ነው፤ እስቲ ይሄን አልብሽልኝ» አላት። ስለ ሥራዋ ከአጎቷ አፍ የወጣ የመጀመሪያ ደግ ቃል ስለነበር አለበሰችው። ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ አጠበች፤ ሸክላ አፈር በአሬራ አቡክታ ቀባችው፤ ከአንኮበር ገደል አፋፍ ያመጣችውን፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን ሳረንጓዴ በመዳፍ መጠን እየቆረጠች ለጠፈችበት፤ እስኪይዝ እንዳይወድቅ በጥቁር የስፌት ክር ዙሪያውን ጠመጠመችው። ሳረንጓዴ የሚለው የመጽሐፍ ስሙ ነው። የቤቱ ሰው «ጢም» ነው የሚለው። ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ቆይቶ መስከረም ሲጠባ ድንጋዩና ልብሱ አንድ ሆኑ፤ ክሩም ከውስጥ ተዋጠ። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስትመለስ ድንጋዩ ቦታው ላይ አልነበረም። «ወሰዱት፤ በጣም ወደዱት» አላት። ስንት እንደሸጠው አልጠየቀችም። ሰው ቤት የሚኖር ሰው የማይጠይቀው ነገር ብዙ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሰነድ የሌላቸው ይዞታዎች መለካት ከጀመሩ ወዲህ ሰፈራቸው ጠባሴ ውስጥ ግድግዳውን በክንድ የማይለካ ሰው የለም፤ በአንድ ዕድር ስንት ሬሳ አብረው የቀበሩ ጎረቤታሞች ለአንድ ክንድ መሬት ብለው ሰላምታ ተነፋፍገዋል። የተጣላ ሁሉ «ተስማምታችሁ ኑ» እየተባለ ወደ ሽማግሌ ይመለሳል። የወልደኪዳንና የጎረቤቱ የሲቲ ጉዳይም ያው ነው። የድሮው የወሰን ድንጋይ የመንገዱ ቦይ ሲቆፈር ጠፍቷል። ወልደኪዳን «ወሰኔ ከሲቲ ኩሽና ማዶ ነው» ይላል፤ ሲቲ «ከኩሽናዬ ወዲህ ነው» ትላለች። በመሃል ያለው ኩሽናው ራሱ ነው። ሲቲ ባሏ ዓወል ከሞተ ጀምሮ እዚያች ጭስ የጠገበች ጭቃ ቤት ውስጥ ፓስቲ እየጠበሰች ለፋብሪካ ሠራተኞች ትሸጣለች፤ ሌላ ገቢ የላትም። ወልደኪዳን ደግሞ አስፋልቱ ዳር ሦስት ሱቅ መሥራት ይፈልጋል። ሁለቱን ግቢው ይችላል፤ ሦስተኛው የሚያርፈው ኩሽናው ላይ ነው።

አፏን ተጉመጥምጣ ጓሮ ወጣች። የኅዳር ውርጭ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። በአጎቷ ቤትና በሲቲ ኩሽና የጀርባ ግድግዳ መካከል ያለችው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ የእሷ ማሳ ናት። በጋ ከክረምት ፀሐይ አይገባባትም፤ የኩሽናው ግድግዳና ወደዚህ ያጎነበሰው ክዳኑ ይከልሏታል። ግድግዳው ሥር፣ ጎናቸው ተቆርጦ የተነሳ የዘይት ጄሪካኖች ተደርድረዋል፤ ጄሪካኖቹን የሰጠቻት ሲቲ ናት። በየጄሪካኑ ውስጥ እርጥብ፣ ወፍራም፣ ሲነኩት እንደ በግ ጀርባ የሚመለስ አረንጓዴ ነገር ተኝቷል። ባቄላ የሚያነደው ውርጭ ይህን አይነካውም፤ የመጣበት አገር ከዚህ ይብሳል። የሚገድለው ፀሐይ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፣ የዘመድ ርኅራኄ ነው። አምና አስካለማርያም «ይሄ ምስኪን በብርድ አለቀ» ብላ ሦስቱን ጄሪካን ፀሐይ ላይ አውጥታ በጋቢ ጠቅልላቸው ነበር። ማታ ሲገለጡ ታፍነው፣ ቡናማ ሆነው፣ የረጠበ ውሻ ይሸቱ ነበር። «እኔ ደግሞ ላሙቀው ብዬ» አለች አስካለማርያም፤ ፅጌረዳም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል?

ውሃውም የሲቲ ነው። ፅጌረዳ አምና ክረምት ከጣሪያ ጠብታ ሥር ባልዲ ይዛ ስትሯሯጥ ያየችው ሲቲ በርጩማ ላይ ወጥታ የኩሽናዋን አሸንዳ ወደ ፅጌረዳ በርሜል አዞረችላት። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሣርሽ ይጠጣ» ብላ። ከዚያ ወዲህ በኩሽናው ትንሽ መስኮት በኩል ሲቲ ዘይቷን እያገላበጠች፣ ፅጌረዳ ሣሯን እያረጠበች ያወራሉ። ሲቲ ስለ ዓልዩ አምባ ገበያ ታወራለች፤ ፅጌረዳ ስለ ምንም። ጥሩ አዳማጭ ናት፤ ማዳመጥ ኪራይ አያስከፍልም።

ስልኳ ጮኸ። የአዲስ አበባዋ የሠርግ አስዋቢ ሀይማኖት ናት፤ በአካል ተያይተው አያውቁም። «የኔ ቆንጆ፣ ነገ ጠዋት ሹፌሩ ይደርሳል። አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኝ፤ ቡኒ ነገር ካየ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ይሄን ሙሽሮቹ ከወደዱት በየወሩ ነው የምንሠራው፤ እሺ?» ፅጌረዳ እሺ አለች። በየወሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካሰበችው ቆይታለች። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ያየቻት ክፍል ማለት ነው፤ በወር ሦስት ሺህ ብር፣ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ፣ በስተኋላ ጥላ ያለው ግቢ። በባዮሎጂ ከተመረቀች ጀምሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትቆም ከርማ ያገኘችው መውጫ ይህ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ወደ አንኮበር፣ ወደ እናቷ ቤት ይመልሳል፤ እዚያ የደረሰች እንደሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ የባል ጥያቄ ነው።

«ፅጌ» አለ ወልደኪዳን ከበሩ ላይ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። «ያቺን መርጫሽን ይዘሽ ነይ።»

የት እንደሚወስዳት ሳይነግራት ቀድሟት ሄደ፤ እሷም ሳትጠይቅ ተከተለችው። ሲቲ መንገድ ዳር ፓስቲዋን የምትሸጥበት ሰዓት ነው፤ ግቢዋ ባዶ ነበር። ከኩሽናው ማዶ፣ ሳማው ውስጥ፣ ድንጋዩ እስከ ወገቡ ተቀብሯል። የተቀበረው ሲቲ ለለቅሶ ዓልዩ አምባ ወርዳ በሰነበተችበት ሰሞን መሆኑ ነው፤ የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው። ፅጌረዳ መጀመሪያ ያየችው ግፉን አልነበረም፤ ስህተቱን ነው ያየችው። የለበሰውን ፊት ሰው እንዲያየው ብሎ ወደ ፀሐይ አዙሮታል። በዚህ አገር ድንጋይ የሚለብሰው ፀሐይ በማያገኘው ጎኑ ነው። ይህን ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቃል፤ ወልደኪዳንም ያውቃል፤ ግን እንደ ዕቃ አሳመረው። ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«ትንሽ እፍ በይበት» አለ።

ረጨችበት። ውሃው ከበርሜሏ የተቀዳ የሲቲ ጣሪያ ውሃ ነው። አረንጓዴው ወዲያው ተነፋና ነፍስ ዘራ፤ ከመጠጣት ሌላ የሚያውቀው የለም። ወልደኪዳን ራሱን ነቀነቀ። «ነገ መኪና ይመጣል አይደል የምትይው? ጥሩ ነው። ግቢው ሲሰፋ ላንቺም ይሰፋል» አለና ሳማውን በእግሩ መለስ አድርጎ ሄደ። ምን እንደሚጠብቅባት አልነገራትም። እሷም የሰማችውን አልነገረችውም። በዚያ ቤት ውስጥ ሰዎች የሚግባቡት እንዲህ ነው፤ አንዱ ይተወዋል፣ ሌላው ይሸከመዋል።

ወደ ሱቅ ስትወጣ ሲቲ አየቻትና በጋዜጣ ጠቅልላ ትኩስ ፓስቲ አቀበለቻት። «ቁርስ አልበላሽም ልጄ፤ ፊትሽ ያስታውቃል።»

«እማማ ሲቲ፣ ዛሬ እኮ...» አለች ፅጌረዳ።

«ሽማግሌዎቹ? ይምጡ እንጂ! የኔ ነገር ምን የሚያስጨንቅ አለው? ዓወል ያንን ኩሽና ሲሠራ ጭቃውን የረገጠለት አጎትሽ ነው፤ እስከ ጭኑ ተነክሮ! የራሱ መሬት ላይ ሊረግጥልን ነበር?» ሲቲ ሳቀች። ሁለት ሠራተኞች መጥተው ፓስቲ ጠየቁ፤ ሲቲ ወደ እነሱ ዞረች። ፅጌረዳ ፓስቲውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበራት። ዘይቱ ጋዜጣው ላይ ሲሰፋ አየችና ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን ሁለቱ ናቸው። አቶ ሰይፈሥላሴ ጡረታ የወጡ፣ በርኖስ የደረቡ፣ ሰው ሲያወራ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ሐጂ ዓብዱራህማን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሲቲን ከነባሏ ያውቃሉ፤ ወልደኪዳንንም ያውቃሉ፤ ሁሉንም ማወቃቸው ሸክም ሆኖባቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት። ሻይ ተጠጣ። ቆሎ ዞረ። ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፤ ከዚያ ስለ ውርጩ፤ ማንም ወደ ጉዳዩ ለመግባት አልቸኮለም። በመጨረሻ ወልደኪዳን «ክርክር ምን ያደርጋል? የጥንቱ ድንጋይ ሳማ ውጦት ኖሮ ነው እንጂ እዚያው አለ» ብሎ ተነሳ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ሲቲና ሊያይ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ተከተሉት። ሳማውን በማጭድ ገለጠ።

አቶ ሰይፈሥላሴ በከዘራቸው ነካ አደረጉት። «ዕድሜ የጠገበ ነው። ድንጋይ እንዲህ የሚያበቅለው ሰው ሸብቶ ሲያልቅ ነው።»

«ጢም ያለው ሁሉ ሽማግሌ ነው እንዴ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ?» አሉ ሐጂ ዓብዱራህማን። «ፍየልም አላት።»

ሰዉ ሳቀ። ሲቲ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀች። ተጠግታ ድንጋዩን አየችና፣ ልክ የጠፋ ዶሮዋን ሰው ግቢ እንዳገኘች ሴት ጭኗን መታች። «ወላሂ ይሄ እኮ የፅጌ ነው! በኔ አሸንዳ ውሃ ነው ያደገው፤ ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ሳየው!»

«ድንጋይ ሁሉ አንድ ይመስላታል» አለ ወልደኪዳን፤ ወደ ሽማግሌዎቹ እንጂ ወደ እሷ ሳያይ። «ጓሮ የልጅቷ አበባ ስላለ፣ አገር ያበቀለው ድንጋይ ሁሉ የልጅቷ ሊሆን ነው?»

ሐጂ ዓብዱራህማን ምስክር እንዳላት ጠየቋት። ሲቲ እጇን አራገበች። «ሰው አልቆጥርም። ልጅቷን ጠይቋት። የሱ የእህት ልጅ ናት፤ የምታድረውም የምትበላውም እሱ ቤት ነው። በሷ ቃል ልረታ።»

ሳቁ ቆመ። አንድ ተሟጋች ይህን ካለ በኋላ ሌላ ምስክር አይፈለግም፤ ነገሩ የታመነበት ሰው በተናገረው ያልቃል፣ ይግባኝም የለውም። አቶ ሰይፈሥላሴ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንተስ?» አሉት ወልደኪዳንን። ወልደኪዳን ጋቢውን አስተካከለ። «እኔም በሷ ቃል» አለ፣ ሳይቸኩል።

ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። መንገድ ለቀቁላት። አስካለማርያም ከአጥሩ በዚያ በኩል የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ቀና አለች፣ ከዚያ መልሳ አጎነበሰች። ፅጌረዳ ድንጋዩ ፊት ተንበረከከች፤ እንደሚመረምር ሰው። ሥራዋን ታውቀዋለች፤ በስተግራ ያለውን ወፍራሙን ቁራጭ ራሷ የለጠፈችበትን ቀን ሳይቀር ታስታውሳለች። እዚያው ቁራጭ ሥር፣ ሲጓጓዝ ሳይሆን አይቀርም የተላጠው፣ ጥቁር ክር ብቅ ብሏል። የጥፍር ያህል ነው። ብትስበው የድንጋዩ ልብስ ሁሉ እንደ ሹራብ ተተርትሮ ይወርዳል፤ መናገርም አያስፈልጋትም። ሲቲ ከበላይዋ ቆማለች፤ የዘይት ሽታዋ ይመጣል። ሲቲ አልተጨነቀችም። ከሁሉም የከበዳት እሱ ነበር፤ ትንሽ ብትጨነቅ ኖሮ ይቀል ነበር። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል ብላ አሰበች። ከነገ በኋላ ቁልፍ ይኖረኛል፤ ያኔ እናገራለሁ።

«አንቺ ያበቀልሽው ነው ወይ?» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

ክሩን በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችው። «አይደለም» አለች። ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ ጨመረች፤ «እንዲህ የሚሆነው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ሃያ፣ ሠላሳ።» ድምጿ መምህር መምህር ይል ነበር።

ሐጂ ዓብዱራህማን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ወላሁ አዕለም፤ የሚያውቀው አላህ ነው» አሉና ዞሩ። ሲቲ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ ቀሚሷን ከሳማው አላቀቀች። «በቃሏ አድሬያለሁ» አለች። አልጮኸችም፤ አልተራገመችም፤ የተናገረችውን አላጠፈችም። ኩሽናውን ለማንሳት ሳምንት ተሰጣት። «ሳምንት ምን ያደርግልኛል» አለች።

ምሳ ላይ አስካለማርያም ሳይጠየቅ እንቁላሉን ወደ ፅጌረዳ ጎን ገፋችው። በዚህ ቤት እንቁላሉ የወልደኪዳን ነበር። ወልደኪዳን እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሞቅ ብሎት ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ያፏጭ ነበር። አስካለማርያም ትሪውን እያነሳች፣ ለትሪው እንደምትነግር፣ «ዓወል ነፍሱን ይማረውና፣ ሠርጋችን ላይ ዳሱን የተከለልን እሱ ነበር» አለች። ፅጌረዳ እንቁላሉን በላችው። ባትበላውም የሚቀየር ነገር አልነበረም።

ጓሮ ሆና ለነገ መጫኛ የሚሆነውን ስትለይ የሚስማር ሲቃ ሰማች። መጀመሪያ አሸንዳው ተነሳ። ሲቲ ያው በርጩማ ላይ ቆማ፣ በመዶሻ ጀርባ እየነቀለች፣ የገዛ ኩሽናዋን ክዳን ከወዲህ ጫፍ ጀምራ እያወረደች ነው። የሰው ጉልበት አልጠራችም። ፊቷ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ።

«ፅጌ» አለች። ልጄ አላለችም። «ፀሐይ ሊገባብሽ ነው። ሣርሽን አንሺ።»

ከዚያ ቆርቆሮውን ሳበችው።

ብርሃኑ መተላለፊያው ውስጥ እንደ ሳንቃ ወደቀ። ግድግዳው እንዲህ የተሰነጣጠቀ መሆኑን ፅጌረዳ እስከዛሬ አይታው አታውቅም። የኅዳር ቀትር ፀሐይ ዓልዩ አምባ ላይ ቢሆን ማንም አይቆጥረውም ነበር፤ እዚህ ግን ጄሪካኖቹ ላይ ሲያርፍ ከአረንጓዴው ላይ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሳ። አንዱን ጄሪካን ብድግ አድርጋ ዞረች። የት? ፊት ለፊት ያለው ግቢ ፀሐይ ነው፤ የማገዶው ጎን ፀሐይ ነው፤ ቤት ውስጥ የእሷ መኝታ አንድ አልጋ ብቻ ነው የሚችለው፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ምድጃ አለ። እንዳትሸፍነው አምና አይታዋለች፤ ታፍኖ ያልቃል። ጄሪካኑን መልሳ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ፀሐይና ሣሩ መሃል ቆመች። ጥላው ሦስቱን ጄሪካን ብቻ ነበር የሚሸፍነው። አራተኛው ላይ እንዲደርስ እግሯን ከፈት አደረገች። ሁለተኛው ቆርቆሮ ተነቀለ።

ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የጋሪ ጎማ ሰማች። ወልደኪዳን አንድ የቀን ሠራተኛ አስከትሎ በጓሮ በር ገባ። ጋሪው ላይ ሦስት ጥቁር ድንጋዮች አሉ፤ ከላያቸው ገና ያልተፈታ የጥቁር ክር ጥቅል ተቀምጧል። ክሩን ማን ነገረው? ክረምት ላይ ድንጋዩን የጠመጠመችበትን ክር ከአስካለማርያም እንደተዋሰች ትዝ አላት።

«ከኋላ ያሉት ግቢዎችም መለካታቸው አይቀርም» አለ። «ወሰን መቼም አራት ማዕዘን አለው።» ቆማ ነጠላ መዘርጋቷን አየ፤ ቆርቆሮውን አየ፤ ገባው። «አይዞሽ፣ ለዚህ ዳስ አሠራልሻለሁ። የትም አትሄጂም። ለነገው መኪናም እንዳይመጣ ደውዪለት፤ ቢቀርም ግድ የለም፤ ሥራ እዚሁ አለልሽ።»

ሲቲ ከላይ መዶሻዋን አቆመች። ሦስቱን ድንጋይ አየች፣ ክሩን አየች፣ ከዚያ ፅጌረዳን አየች። የሚቀጥለውን ሚስማር ያዘች።

«የት ላውርደው?» አለ የቀን ሠራተኛው፣ አንዱን ድንጋይ ሆዱ ላይ አቅፎ። ክብደቱ ይዞታል፤ መልስ ይጠብቃል።

ፅጌረዳ እጆቿን ማውረድ አልቻለችም። በአገጯ አመለከተችው፤ እዚህ፣ ጥላው ውስጥ።